ሚስማር ያልነካው የእናቴ ወንበር

ሰው «ይሉኝታ ያለው ሰው ጨዋ ነው» ሲል በሰማሁ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ይሉኝታ ምን እንደሚሠራ እኔን ጠይቁኝ! እናቴ በልኳ የተሠራላትን ወንበር እንዴት እንዳጣች በዓይኔ አይቻለሁ። ሌባ አልገባም፣ ቀማኛ አልመጣም። ሰዎች እየተመሰጋገኑ፣ ጎንበስ ቀና እየተባባሉ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው ወንበሩ ከቤታችን የወጣው።

ያን ጊዜ የምንኖረው አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ የሚከፈትበት ጊዜ። ሰፈራችን ውስጥ ሰዓት ያለው ሰው ጥቂት ቢሆንም ማንም አያረፍድም፤ የፋብሪካ ጡሩንባ ሲነፋ ይነሣል፣ ሲነፋ ይበላል፣ ሲነፋ ወደ ቤቱ ይገባል። አባቴ ለፋብሪካዎቹ የዕቃ ማሸጊያ ሳጥን በሚሠራ አንድ የእንጨት ሥራ ድርጅት ውስጥ አናጢ ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራውም፤ ዛሬ ቦታው ላይ ሌላ ነገር ቆሟል። እኔ ደግሞ በረንዳችን ላይ በእግር በሚነዳ የስፌት መኪና የሰፈሩን ልብስ እሰፋ ነበር። ለትዳር የደረስኩ፣ አፌ የማያርፍ ልጅ ነበርኩ። እናቴ «አንቺ፣ ባል በአፍሽ ታባርሪያለሽ» ትለኝ ነበር።

ሳጥን! አባቴን የሚያህል ጠራቢ ቀኑን ሙሉ የባሕር ዛፍ ጣውላ ላይ ሚስማር ሲመታ መዋሉ ያኔም ያናድደኝ ነበር። እሱ ግን አያማርርም። እውነተኛ ሥራውን የሚሠራው ከጡሩንባው በኋላ፣ ግቢያችን ውስጥ ነው። የመጣው ከጉራጌ አገር ነው። አያቴ ቤት፣ ማን እንደሠራው የሚያውቅ ሰው የሌለ አንድ አሮጌ ወንበር ነበር አሉ፤ አያቴም ሲወለድ ያገኘው ነው። አባቴ ልጅ ሳለ አያቴ ሲጠርብ ያያል፣ ዞር ብሎ ደግሞ ያንን አሮጌ ወንበር ይዳብሳል፤ የጌጡን መስመር በጣቱ ይከተላል። «አባቴ እጄን አስተማረኝ፤ ዓይኔን ያስተማረኝ ግን ያ ወንበር ነው» ይል ነበር።

የሱ ወንበር እንደ አናጢ ወንበር አይገጣጠምም። ከአንድ የዋንዛ ግንድ ውስጥ ነው የሚወጣው። መቀመጫው፣ መደገፊያው፣ ሦስቱም እግሮች አንድ አካል ናቸው፤ ሚስማር የለ፣ ኮላ የለ። ለምን ሦስት እግር ብቻ እንደሚያደርግለት ብጠይቀው «የኛ ቤት ወለል መች ደልዳላ ሆኖ ያውቃል? አራት እግር አፈር ላይ ይንገዳገዳል፤ ሦስት እግር የትም ይቆማል» አለኝ። ግንዱን የሚጠርበው እርጥብ ሳለ ነው፤ ከደረቀ መሮ አይገባውም። እርጥቡ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፣ ፀሐይ ካየ ጧ ብሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግማሹን ጠርቦ ጓዳ ባለው ጭድ ውስጥ ይቀብረዋል፣ ያወጣና ትንሽ ይነካካዋል፣ መልሶ ይቀብረዋል። እኔ ችኩሏ «መቼ ነው የሚያልቀው?» ስለው «ሲፈልግ» ይለኛል። ሲያልቅ የኑግ ዘይት እየቀባ በጨርቅ ያሸዋል፣ እንጨቱም ቀስ እያለ ይጠቁራል። የመደገፊያው ጌጥ ከአያቴ ቤት ወንበር የመጣ ነው፤ እርስ በርሱ የሚጠላለፍ፣ መነሻውም መድረሻውም የማይታወቅ ገመድ። ያንን ገመድ ሲያወጣ ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም።

አሁን ስለ እናቴ ልንገራችሁ። እናቴ ገና ሙሽራ ሳለች ከበቅሎ ወድቃ ዳሌዋ ወልቆ ነበር። ወጌሻው አሸው፣ ጎተተው፣ «ድኗል» ብሎ ማለ፤ ዳሌው ግን እንደ ቀድሞው አልገጠመም። መራመድ ትራመዳለች፣ መተኛት ትተኛለች። መከራዋ መቀመጥ ነው። ደልዳላ ነገር ላይ ስትቀመጥ ቀኝ ጎኗ አይታጠፍም፤ ጥቂት ቆይታ ፊቷ ጥቁር ይላል፣ ላብ ያጠምቃታል፣ ከዚያ ተነሥታ ግድግዳ ትይዛለች። «አመመሽ?» ሲሏት «ኧረ ምንም» ነው መልሷ።

አባቴ ይሄን ዝም ብሎ ሲያይ ኖሮ አንድ ቀን ጭቃ አቦካ። ለግድግዳ ምርጊት እንደሚቦካው ያለ፣ ጭድ የገባበት ጭቃ። ጓዳ ውስጥ ከመረው፣ ላዩ ላይ አሮጌ ነጠላ አነጠፈና እናቴን «ነይ ተቀመጪበት» አላት።

«ጭቃ ላይ? ሰውዬ፣ ደህና ነህ?»

«እንዳይቆረቁርሽ ሆነሽ ተቀመጪ። እንዳሻሽ ተጣመሚ።»

በሩን ዘግተው ሁለቱ ሲሳሳቁ ከውጭ እሰማ ነበር። እናቴን እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ስትነሣ የአቀማመጧ ቅርጽ ጭቃው ላይ ቀረ፤ በግራ ከፍ ያለ፣ በቀኝ ዝቅ ብሎ የሚንሸራተት፣ ለታፋዋ ደግሞ እንደ ቦይ ያለ መንገድ ያለው። አባቴ ጭቃው እስኪደርቅ ጠበቀ። ከዚያ በሲባጎና በሸምበቆ እየለካ ያንኑ ቅርጽ ዋንዛው ላይ አወረደው።

ወንበሩ ሲያልቅ ለሚያየው ሰው ጠማማ ነበር። ጎረቤቶች «ምነው ጌታው፣ ያን ቀን ትንሽ ቀምሰህ ነበር እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። እናቴ ስትቀመጥበት ግን ፊቷ ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ጥጥ ትፈትላለች፣ ምስር ትለቅማለች፣ ከጎረቤት ጋር እስኪበቃት ታወራለች፤ ይሄን ሁሉ ተቀምጣ። ጤነኛ ሰው መቀመጥ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ አያውቅም።

ብዙም ሳይቆይ የድርጅቱ መጋዝ የአባቴን ቀኝ እጅ በላው። አውራ ጣቱንና ከሱ ቀጥሎ ያሉትን ሁለቱን ይዞ ሄደ። መሮ የሚያዘው በነሱ ነው። ከሆስፒታል ሲመለስ መጀመሪያ የተናገረው ነገር «የናትሽን ጨርሼላት ነበር፣ ተመስገን» የሚል ነው። ሌላ ወንበር ከእጁ እንደማይወጣ እሱም ያውቃል፣ እኛም እናውቃለን።

በዚህ መሃል የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ አባቴን ሊጠይቅ መጣ። «መጡ» ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ አልልም። መጣ። በፔጆ፣ ከነሾፌሩ፣ ብርቱካንና ስኳር አስይዞ። ዕድሜው ከአባቴ በብዙ ያንሳል፤ ሆኖም አባቴን «አንተ» ነው የሚለው፣ አባቴ ደግሞ እሱን «ጌታዬ»። የኛ ቤት ተተራመሰ። እናቴ የቤቱን ደህና ወንበር፣ ማለትም የራሷን፣ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አቀረበችለት፤ እንግዳ ነዋ! እሷ በር ሥር ሆና ግድግዳውን ተደገፈች።

ሰውየው ተቀመጠ፣ አልተመቸውም፣ ግራ ቀኝ ተቁነጠነጠ። «ምነው ይሄ ነገር ጠማማ ሆነ?» አለ። ተነሥቶ ሲዞር መደገፊያውን አየው። በእጁ ዳበሰው። «እንዴት ያለ ሥራ ነው በናታችሁ! ይሄማ የጥንት ነገር ነው።»

አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ «የኛው ሥራ ነው ጌታዬ» አለ፣ እያፈረ።

«በጣም ነው የወደድኩት። በጣም!»

አባቴም ያቺን ቃል ተናገረ። «ከወደዱትማ ይውሰዱት ጌታዬ! ምን አለው!»

እዚህ ላይ በወግ ያደገ ሰው ምን እንደሚል ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ኧረ ይተዉ! ይባረክልዎ፣ ለራስዎ ያድርግልዎ» ይባላል። ሰጪ ይለምናል፣ ተቀባይ እምቢ ይላል፣ እንደገና ይለመናል፣ እንደገና እምቢ ይላል፤ ሁለቱም ተከባብረው ዕቃው ካለበት ሳይነቃነቅ ይመሻል። አባቴ ዶሮውን፣ ጋቢውን፣ አንዴ እንኳ ብቸኛዋን ላማችንን እንዲህ ሰጥቶ ያውቃል፤ ማንም ወስዶበት አያውቅም። እኔም «አሁን እምቢ ይላል» ብዬ የሰውየውን አፍ አያለሁ።

«እንዲህ ካልክማ እሺ» አለና ሾፌሩን ተጣራ።

ይኸው ነው። አንዴ እንኳ «አይሆንም» አላለም! ሾፌሩ ገባ፣ ወንበሩን አነሣ፣ ወጣ። አባቴ ቃሉን እንዳይመልስ ይሉኝታው ይዞታል፤ በዚያ ላይ በዚያ እጁ አናጢነት ስለማይሆንለት የዘበኝነት ሥራ እንዲሰጡት ተስፋ አድርጓል። እናቴስ? ወይ ነዶ! እናቴ ግድግዳውን እንደተደገፈች ፈገግ ብላ «በጤና ይቀመጡበት» አለችው።

መኪናው ከሄደ በኋላ እርር ድብን ብዬ «አባዬ፣ ምን ማድረግህ ነው?» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የአባቴ ግን ወዲያው ነው የታወቀው። ለብዙ ቀን እህል አልበላ አለ።

እናቴን ልናስቀምጣት ያልሞከርነው ነገር የለም። ትራስ ሰፋሁላት፤ ጥጥ ብሞላው ተዳጠ፣ ጭድ ብሞላው ወጋት። አልጋ ጠርዝ ላይ ሞከረች፣ ድንጋይ ላይ ሞከረች። እንዝርቷን ሰቅላ ተወች። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቶቿ ሲመጡ እነሱ ተቀምጠው ሲያወሩ እሷ ምሰሶ ተደግፋ ትሰማለች፤ ጥቂት ቆይታ «ጎኔን ላሳርፍ» ብላ ትገባለች። ሰዎቹም መምጣት ቀነሱ። የቆመ ሰው ፊት ተቀምጦ ማውራት ለእንግዳ አይመችማ! እናቴ ከሰው ተለየች። የወንበር ጉዳይ ብቻ አይምሰላችሁ።

አንድ እሑድ ማንንም ሳላማክር ተነሣሁ። ጋሪ ይዤ ወደ ቃሊቲ ወጣሁ፤ የሰውየው ቪላ እዚያ መንገድ ላይ ነበር። ዘበኛው «ማንን ፈልገሽ ነው?» ሲለኝ «ወንበር» ብዬው ገባሁ።

ሰውየው በረንዳ ላይ እንግዶች አስቀምጦ መጠጥ እየቀዳ ነው። የእናቴ ወንበር መሃል ላይ አለ። የጫማ ቀለም ይሁን ቫርኒሽ፣ የሆነ ነገር ቀብተውት እንደ መስታወት ያበራል፤ መቀመጫው ላይ ቀይ ትራስ አለ። እሱ መደገፊያውን እየነካካ ለእንግዶቹ ያስረዳል። «ይሄ ከድሮ ባላባት ቤት የወጣ ነው። ስንት ዘመን ያለፈው! አሁን እንዲህ የሚሠራ ሰው ከየት ይመጣል? ሁሉም አልቋል።» እንግዶቹም የሱን ዓይን ያደንቃሉ፣ ጥንታዊ ነገር መለየት እንደሚችል ይመሰክሩለታል። በጨው ደንደስ በርበሬ ተወደስ! በአባቴ ጣቶች እሱ ይመሰገናል።

«ሠሪው አላለቀም!» አልኩኝ ከደረጃው ሥር። «አቃቂ አለ። ጣቱ ነው ያለቀው፣ እሱም እርስዎ ድርጅት ውስጥ።»

የሰውየው ሚስት «ይቺ ደግሞ ማናት?» አለች። ሰውየው አወቀኝ። «የዚያ አናጢ ልጅ ነሽ አይደል? ምን ፈለግሽ?»

«የእናቴን ወንበር። እናቴ ዳሌዋ የወለቀ ነው፤ ከሱ በቀር መቀመጥ አትችልም። አባቴ ለሷ ልክ ነው የሠራው።»

«እንዴ! አባትሽ በገዛ አፉ ‹ይውሰዱት› አላለኝም? እኔ ለምኜዋለሁ? አልቀበልም ብለው ደግሞ ‹ናቀኝ› ይላል።»

«አንዴ እንኳ እምቢ አላሉም እኮ! ሰው ‹ይውሰዱት› ሲል ‹ይባረክልህ› አይባልም? እርስዎ የየት አገር ሰው ነዎት?»

ከእንግዶቹ አንዱ ሳቁ አመለጠው። የሰውየው ፊት በርበሬ መሰለ። ሚስቱ መሃል ገባችና፣ ነገር ለማብረድ መሰለኝ፣ «ምን ያጨቃጭቃል? መጀመሪያም ጠማማ ነበር፣ እኛ ነን ገንዘብ አውጥተን ያስተካከልነው» አለች።

«ምን አላችሁ? አስተካከልን?»

ደረጃውን ወጥቼ ትራሱን አነሣሁት። ሥሩ የሳጥን ጣውላ ነው። የባሕር ዛፍ ጣውላ! በግራ ከፍ ያለውን ጠርዝ በመጋዝ ቆርጠው፣ ያንን የእናቴን የአቀማመጥ ቅርጽ በጣውላ ከድነው፣ ዙሪያውን በሚስማር ቸንክረውታል። እናቴ ጭቃ ላይ ተቀምጣ የሳቀችበትን ቦታ ቸንክረውታል! በኋላ እንደሰማሁት ከድርጅቱ አናጢ አስመጥተው ነው ያሠሩት። ያ አናጢ ከአባቴ ጋር ለዓመታት አንድ ገበታ ላይ የሠራ ሰው ነው፤ ወንበሩ የማን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ታዘዘ፣ መታ።

ያን ጊዜ ጮኽኩ። ምን ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም። «እናንተ እኮ የሰው ቁስል ላይ እንጨት የምትሰዱ ናችሁ» ያልኩት ትዝ ይለኛል።

ሰውየው በእንግዶቹ ፊት መዋረዱ ስላንገበገበው «ውሰጂ!» አለ። «ውሰጂልኝ ይሄን ጠማማ ጉማጅ!» አሁን ከባላባት ቤት የወጣው ቅርስ ጉማጅ ሆነ። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም። ከባለ ጋሪው ጋር ተጋግዘን ጫንነው፤ እስከ አቃቂ ድረስ መንገዱ ሲያንገጫግጨን እኔ መደገፊያውን አቅፌ፣ እያለቀስኩም እየተሳደብኩም ሄድኩ። ባለ ጋሪው «አይዞሽ እቴ፣ ዕቃ ነው» አለኝ። እሱንም ሰደብኩት፤ አንድም ነገር አላጠፋም ነበር።

ቤት ስደርስ አባቴ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ወንበሩን ሲያይ ደስ የሚለው መስሎኝ ነበር። ፊቱ አመድ ሆነ።

«ምንድነው ያደረግሽው?»

«አመጣሁት አባዬ።»

«የሰጠሁትን? ሄደሽ ለመንሽ? እኔ ሰጥቼ የምነሣ ሰው ነኝ? ከእንግዲህ በየት በኩል ቀና ብዬ እሄዳለሁ? ስሜን ገደልሽው!» ወደ ባለ ጋሪው ዞረ። «ወንድሜ፣ እንዳታወርደው። መልሰው። ለጌታው ‹ልጅ ናት፣ አታውቅም፣ ይቅር በሏት› በልልኝ።»

እኔ «በመቃብሬ ላይ!» ብዬ ወንበሩ ላይ ተጠመጠምኩ። ባለ ጋሪው ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ አባቴን ያያል። ጎረቤት መውጣት ጀመረ።

«ቆዩ።»

እናቴ ናት። የበሩን መቃን ይዛ ወጥታለች። በቀስታ ነው የተናገረችው፤ እናቴ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«ወንበሩ የማን ነው?» አለች።

ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች።

«አንተ ለሰውየው ሰጠህ። ሰውየው ለሷ መለሰ። አሁን ደግሞ አንተ መልሱለት ትላለህ። የሱ ክብር እንዳይነካ፣ ያንተ ስም እንዳይጠፋ። ጭቃው ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያኔ ‹ይውሰዱት› ስትል እኮ ዞር ብለህ እንኳ አላየኸኝም።»

«አንቺስ» አለ አባቴ፣ «አንቺስ ‹በጤና ይቀመጡበት› ብለሽ መረቅሽው አይደል?»

«ታዲያ ምን ልበል? በሰው ፊት ላዋርድህ?»

አባቴ ጣቶቹ በተቆረጡት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ባለ ጋሪው ምንም ሳይጠየቅ ወንበሩን አውርዶ ሄደ።

ጣውላውን እኔ ነኝ የነቀልኩት። ሚስማሩን በሚስማር መንቀያ ሳወጣ ዋንዛው እንደ ሰው አቃሰተ። ሚስማሮቹ ከገቡበት ተነሥቶ መቀመጫው ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል፤ ከፍ ያለው ጠርዝ ተቆርጦ ስለወጣ ደግሞ የሚደግፋት ነገር የለም። እናቴ ቢሆንም ልሞክረው አለች። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ስንጥቁ ሲከፈት ሁላችንም ሰማነው። ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «ተዉት በቃ» አለች። አባቴ መዳፉን ስንጥቁ ላይ እንዳኖረ ብዙ ቆየ።

ዘበኝነቱም አልመጣም። ድሮም አልታሰበም ይሆናል። ከእኔ ስፌት ጋር እንደምንም ኖርን። አባቴ በግራ እጁ መሮ ይዞ ሞከረ፤ ግንድ አስመጣ፣ ጀመረ፣ መሮው እያዳለጠ ጉልበቱን አቆሰለው፣ ተወው። ከከተማ አንድ ጠራቢ ፈልጌ አመጣሁ። ጠራቢው ልክ ለመውሰድ «እስቲ እሳቸው ጭቃው ላይ ይቀመጡ» ቢል እናቴ አሻፈረኝ አለች። «ከባዳ ወንድ ፊት ጭቃ ላይ? ሞቼ ነው ቆሜ!» ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ አልሆነም። ያ ጭቃ የሷና የአባቴ ጨዋታ ነበር፤ ለሌላ ሰው አልደግምም አለች። ለዚህ እንኳ ያንን ሥራ አስኪያጅ ነው የምረግመው።

አባቴ ግን ያቺን ቃል ዳግመኛ አልተናገራትም። አንዴ የሰፈር ሰው አውራ ዶሮውን ቢያደንቅለት፣ ልማድ ነውና «ከወደድከውማ...» ብሎ ሊጀምር ሲል እናቴን አያት። ከዚያ «ከወደድከውማ ጫጩት አለ፣ ግዛ» አለው። እናቴ ስቃ ልትሞት ነበር።

ዓመታት አለፉ። እናቴ ከዚያ በኋላ እንግዳ ስትቀበል ቆማ ሆነ። ሰው ሲመጣ ታስቀምጣለች፣ ታበላለች፣ ታጠጣለች፣ እሷ ግን ምሰሶውን ተደግፋ ትቆማለች። አዲስ የመጣ ጎረቤት ምክንያቱን አያውቅም፤ እሷም አትናገርም። ቀስ በቀስ ዝናዋ ወጣ። «እንዴት ያለች ጨዋ ሴት ናት! እንግዳ ተቀምጦ እስኪነሣ አትቀመጥም! የዱሮ ሰው አስተዳደግ!» ይሏታል። ሴቶች ልጆቻቸውን በሷ ይገሥጹ ነበር። እኔ ይሄን ስሰማ ጥርሴን ነክሼ ስፌት መኪናዬን እረግጣለሁ፤ እናቴ በዓይኗ «ሆድ ይፍጀው» ትለኛለች።

እናቴ ያረፈች ጊዜ ድንኳኑ ሞላ። የእድሩ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ስለሷ መልካምነት ሲናገሩ ይሄንኑ አነሡት። «እኚህ ሴት» አሉ፣ «ሰው አክባሪ ነበሩ። እኔ ስንት ጊዜ እቤታቸው ገብቻለሁ፤ አንድም ቀን በፊቴ ተቀምጠው አያውቁም። እንዲህ ያለ ትሕትና ከሳቸው ጋር ተቀበረ።» ድንኳኑ በሙሉ «እውነት ነው፣ እውነት ነው» አለ።

አልቻልኩም። ተነሥቼ «ትሕትና አይደለም!» አልኩ። «መቀመጫ አጥታ ነው! ወንበሯን ወስደውባት ነው!»

ሰው ሁሉ ዞረ። አክስቴ ክንዴን ይዛ ወደ ታች እየጎተተች «ተይ! በናትሽ ለቅሶ ተይ! ሰው ምን ይላል?» ትለኛለች። ሌሎቹም «ኀዘን ነው፣ ኀዘን ነው፣ ውኃ አቅምሷት» ይላሉ። ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ሊቀመጡ ሲሉ አባቴ ከጥግ ተነሣ። አርጅቷል፣ ዱላውን በግራ እጁ ነው የያዘው። እንዲያስቀምጠኝ፣ ሰውን ይቅርታ እንዲጠይቅልኝ ጠበቅኩ።

«ተያት፣ አትያዣት» አለ ለአክስቴ። ከዚያ ወደ ለቀስተኛው ዞረና፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «እውነቷን ነው» አለ። «ወንበሯን እኔ ነኝ የሰጠሁባት።»